ሱዶን በስፍር

ደሴና ኮምቦልቻ ባሉት ሁለት የሊኑክስ ሰርቨሮቻችን ላይ የሩት፣ ማለትም ሁሉን ቻይ የሆነው የማሽኑ አለቃ አካውንት፣ ፓስወርድ የሚያውቅ ሰው አሁን የለም። እኔም አላውቀውም፤ አካውንቱ ተቆልፏል። ሥራ ግን አልቆመም። ፒያሳ ያሉት ጸሐፊዎች ያትማሉ። ኮምቦልቻ ያለው ልጅ ፕሪንተር እምቢ ሲለው ራሱ ያስነሳዋል። እኔም አንዲት መስመር ትዕዛዝ ለመጻፍ ብዬ ሐረጎን መውረድና መውጣት ቀረልኝ። ትንሽ ብኮራበት አይፈረድብኝም። እንደኔ ትንሽ ቢሮ የምታስተዳድሩ ካላችሁ፣ ተራ ተጠቃሚ አንድን ትዕዛዝ በሩት ሥልጣን እንዲያስኬድ በሚፈቅደው በሱዶ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። ትዕዛዞቹን በአፋችን እንደምንጠራቸው ነው የምጽፋቸው።

መጀመሪያውን ቶሎ ልለፈው። ድሮ አንድ የጋራ ፓስወርድ ነበር፣ በስልክ የሚነገር። «ትልቁ ኤስ፣ ከዚያ ሰባት፣ አይ ትልቁ ነው ያልኩህ» ዓይነት። አንድ ነገር ሲበላሽ ማን እንደነካው አይታወቅም፤ ሁሉም «እኔ አይደለሁም» ይላል፣ ሁሉም ልክ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን አካውንት ከፈትን፣ ሥልጣን የሚያስፈልገው በሱዶ ይጠቀም አልን። ኡቡንቱ በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ ሰውየውን ሱዶ የሚባለው ግሩፕ ውስጥ ማስገባት ነው፤ ሬድሃትና ፌዶራ ላይ ግሩፑ ዊል ይባላል። ሰውን ግሩፕ ውስጥ የሚያስገባውን የዩዘርሞድ ትዕዛዝ ስትጠቀሙ ከትልቁ ጂ በፊት ትንሿን ኤ አትርሷት። ያለሷ ሰውየው ከነበረባቸው ሌሎች ተጨማሪ ግሩፖች ሁሉ ይወጣል። ደግሞ ከአካውንቱ ወጥቶ እስኪገባ ድረስ አዲሱ ግሩፕ አይሠራለትም። «አልሠራም» ብሎ ከመደወሉ በፊት ይህን ንገሩት።

ጥሩው ነገር ማን፣ መቼ፣ የትኛውን ትዕዛዝ በሱዶ እንደጻፈ ይመዘገባል፤ ኡቡንቱ ላይ አውዝ ሎግ በሚባለው መዝገብ ውስጥ ታገኙታላችሁ። መጥፎው ነገር ሱዶ ግሩፕ ውስጥ የገባ ሰው ሁሉን ቻይ ነው። የእኔን ፓስወርድ መቀየር ይችላል፣ መዝገቡንም ማጥፋት ይችላል። ፕሪንተር ለማስነሳት ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል? ብዙ ሰው ግን እዚህ ላይ ያቆማል። እኔ በበኩሌ አልወደውም።

ስለዚህ ለኮምቦልቻው ልጅ ለሥራው የምትበቃውን ሥልጣን ብቻ ልስጠው ብዬ ተነሳሁ። የማተሚያ አገልግሎቱ ከፕስ ነው። ልጁ ሁለት ነገር ብቻ እንዲችል ሕግ ጻፍኩ፦ አገልግሎቶችን በሚያዝዘው በሲስተምሲቲኤል የከፕስን ሁኔታ ማየት፣ እና ከፕስን ማስነሳት። የትዕዛዙ ሙሉ አድራሻ ተጽፏል፣ የአገልግሎቱ ስም ተጠቅሷል፣ ሌላ ምንም የለም። ወረቀት ላይ ንጹሕ ነው። ሥራ ላይ ከማዋሌ በፊት ደሴ ያለውን ረዳቴን አስቀመጥኩና «እስኪ ሰብረህ ግባ» አልኩት።

ብዙም አልቆየ። «ጋሼ፣ አንዴ ይምጡ እስኪ፤ ሩት ሆኛለሁ» አለኝ። አላመንኩትም። ድገመው አልኩት። የተርሚናሉን መስኮት በማውዝ ይዞ አሳነሳት፣ ጥቂት መስመር ብቻ እስክታሳይ ድረስ። ከዚያ የተፈቀደለትን የሁኔታ ትዕዛዝ ጻፈ። ጽሑፉ መስኮቷ ውስጥ አልበቃም። በማይበቃ ጊዜ ሲስተምሲቲኤል ጽሑፉን ሌስ በሚባለው ማንበቢያ ይከፍተዋል። ሌስ ደግሞ ቃለ አጋኖ ጽፈህ የሌላ ፕሮግራም ስም ካስከተልክ ያንን ፕሮግራም ያስነሳልሃል። ረዳቴ ቃለ አጋኖ፣ ከዚያ የሼልን (የትዕዛዝ መቀበያውን) ስም ኤስ፣ ኤች ብሎ ኢንተር ነካ። የዶላር ምልክቷ ሄደች፣ በቦታዋ የሩቷ መሰላል (#) መጣች። «ማነኝ» ብሎ ሲጠይቅ ማሽኑ «ሩት» አለው። «አብሽር ጋሼ፣ ያነበብኩትን ነው የሞከርኩት» ብሎ ሳቀ።

ይህ ቀዳዳ በዓለም የታወቀ ነው፤ የታወቁ ቀዳዳዎች በሚመዘገቡበት ዝርዝር ሲቪኢ 2023-26604 የሚል ቁጥር አለው። ሲስተምሲቲኤል የሚመጣበት ሲስተምዲ ከ247ኛው ቨርዥን ጀምሮ እንዲህ ባለ ጊዜ ሌስን ይቆልፈዋል። የእኛ ማሽን ግን ያረጀ ነበር። ቨርዥን አሳድግና ተገላገል የሚል ይኖራል። አሳደግን። ነገሩ ግን እዚህ አያልቅም፤ ሩት ሆኖ የተነሳ ፕሮግራም የሚያስነሳው ሌላ ፕሮግራምም ሩት ነው። የጽሑፍ ኤዲተሩ ቪም ከውስጡ ሼል ይከፍታል። ሌስ ይከፍታል። ፋይንድ እንኳ ያገኘው ፋይል ላይ ሌላ ትዕዛዝ ማስኬድ ይችላል። ሕጉ ውስጥ የምትጽፉት የሚነሳውን ትዕዛዝ ብቻ ነው፤ ፕሮግራሙ ከተነሳ በኋላ የሚያደርገውን ሱዶ እንደተጫነ ከተተወ አያይም። ፕሮግራሙ ሌላ ፕሮግራም እንዳያስነሳ የሚያደርግ ኖኤግዜክ የሚባል መከልከያ አለ፤ እኔ እሱን ተማምኜ አልተኛም፤ ሁሉም ፕሮግራም ላይ አይሠራምና።

መፍትሔው ተጨማሪ ሕግ መጻፍ መስሎን ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ የሠራው ሕጉን መቀነስ ነው። የአገልግሎትን ሁኔታ ለማየት መጀመሪያውኑ ሱዶ አያስፈልግም! ማንም ተራ ተጠቃሚ ማየት ይችላል። መዝገቡንም ማንበብ ከፈለገ ኤዲኤም ግሩፕ ውስጥ ማስገባት ይበቃል። መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚቆመውን የኅትመት ወረፋ ለመቀስቀስ ደግሞ ኤልፒአድሚን የሚባል ግሩፕ አለ፤ እዚያ የገባ ሰው ከፕስ ኢኔብል ብሎ ፕሪንተሩን መልሶ ያስከፍተዋል፣ ያለ ሩት። በሱዶ የቀረችው ማስነሳቷ ብቻ ናት፤ እሷ ማንበቢያ አትከፍትም።

ኮከብ ምልክትንም ሕግ ውስጥ አታስገቡብኝ። ፋይል አውጥቶ በሚያሳየው በካት «ካት፣ ከፕስ ሎግ ፎልደር ውስጥ ያለውን ሁሉ» ለማለት መጨረሻ ላይ ኮከብ ብታደርጉ፣ ኮከቧ ክፍት ቦታንም ሆነ ስላሽን ትቀበላለች። ሰውየው አንድ ሎግ ጽፎ፣ ቦታ ትቶ፣ የፓስወርዶች ማኅተም ያለበትን ሻዶው ፋይል ቢጨምር ሱዶ እሺ ይለዋል። «ሁሉም ይፈቀድ፣ ይቺ ብቻ ትከልከል» የሚል ሕግም ዋጋ የለውም፤ የተከለከለውን ፕሮግራም በሌላ ስም ኮፒ አድርጎ ማስነሳት ነው። ይህን የሱዶ መመሪያው ራሱ ያስጠነቅቃል። የሚያነበው ሰው ጠፍቶ ነው እንጂ።

ኮንፊግ ማስተካከል ለሚፈልግ ሱዶኤዲት ስጡት። ፋይሉን ኮፒ አድርጎ በተጠቃሚው በራሱ ሥልጣን ያስከፍታል፣ ሲጨርስ ይመልሰዋል። ኤዲተሩ ሩት አይሆንም።

የቀረውን እንደመጣልኝ ልበል። ሕጎቹ የሚጻፉበትን የሱዶአርስን ፋይል በቪሱዶ እንጂ በሌላ አትክፈቱ፤ ከማስቀመጡ በፊት ስሕተት እንዳለ ያያል። ሌላ ተርሚናል ላይ ሩት ሆናችሁ ክፍት ተዉ፣ እስክትጨርሱ አትዝጉት። ሱዶአርስ ዲ ፎልደር ውስጥ የምታስገቡት ፋይል ስሙ ውስጥ ነጥብ ካለው ሱዶ ዝም ብሎ ያልፈዋል፣ ምንም አይነግራችሁም። ሁለት ሕግ ሲጋጭ የሚሠራው የኋለኛው ነው። ኡቡንቱ ላይ አንዴ ፓስወርድ ካስገባችሁ ለ15 ደቂቃ ድጋሚ አይጠይቅም። ቡና ተጠርታችሁ ስትነሱ ፓስወርዱን ድጋሚ እንዲጠይቅ ሱዶ ሰረዝ ኬ በሉ፤ የወሎ ቡና እንደሆነ እስከ በረካ አያስነሳም።

ሱዶንም ራሱን አድሱ። መጀመሪያ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ ቡፋሎ ባለው የኒውዮርክ ግዛት ዩኒቨርሲቲ ነው። ሽማግሌ ነው ብላችሁ ግን አትመኑት፤ በ2021 ጃንዋሪ የኮምፒውተር ደኅንነት ድርጅቱ ኳሊስ ይፋ ያደረገው ባሮን ሳሜዲት የተባለው ቀዳዳ ከ2011 ጀምሮ ኮዱ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ምንም የሱዶ መብት የሌለው ተጠቃሚ እንኳ በሱ ሩት ይሆን ነበር።

አሁን የያዘኝ ባክአፕ ነው። ማታ ማታ ራሱ የሚነሳ ስክሪፕት ስለሆነ ፓስወርድ የሚያስገባለት የለም፤ ሱዶ ፓስወርድ እንዳይጠይቀው ኖፓስወርድ የሚባለውን ፈቃድ ሰጥቼዋለሁ። የሰው አካውንት ላይ ይህን አልፈቅድም ብዬ የምሟገተው እኔ ነኝ። የስክሪፕቱ ባለቤት ሩት ነው፣ ፋይሉንም ያለበትንም ፎልደር ሌላ ማንም መጻፍ አይችልም፤ አለዚያ ይዘቱን ቀይሮ የፈለገውን ማስኬድ ነው። ረዳቴ በሚቀጥለው ሳምንት ሊሰብረው ይሞክራል።