ፖዘቲቭ ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?
የምሠራው በአንድ የግል ክሊኒክ ላቦራቶሪ ነው። አንድ የታክሲ ረዳት፣ ሹፌር ሊሆን ፈልጎ ለመንጃ ፈቃድ የጤና ምርመራ መጣ። ደም ሰጠ፣ ውጤቱን በመስኮት ተቀብሎ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ በሩን ሳያንኳኳ ገባ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እህቴ፣ እኔ እኮ እንዲህ ዓይነት ነገር ውስጥ የለሁበትም!»

ወረቀቱን ዘረጋልኝ። «ኦ ፖዘቲቭ» ይላል፤ የደም ዓይነቱ ነው።

አልፈረድኩበትም። ሥልጠና ላይ «ፖዘቲቭ ሁኑ» ሲሉን እናጨበጭባለን፤ ሐኪም ቤት ሲነገረን ግን የምንሰማው ኤች አይ ቪን ብቻ ነው።

ባስረዳውም አላመነኝም። ደሙን የመረመርኩበትን ስላይድ (መስታወት) ገና ስላልጣልኩት አሳየሁት። ሦስት ጠብታ ደም ነው። በአንዱ ላይ ሰማያዊው አንቲ ኤ፣ በሌላው ላይ ቢጫው አንቲ ቢ፣ በሦስተኛው ላይ ቀለም የሌለው አንቲ ዲ ተጨምሯል፤ የደም ዓይነት መለያ ፈሳሾች ናቸው። ሁለቱ ልሙጥ ናቸው። ሦስተኛው እንደ ተበጠሰ ወተት ተቋጥሯል።

«ይሄ የተቋጠረው ቀይ የደም ሕዋስህ ላይ ዲ የሚባል ነገር ስላለ ነው። ‹አለ› ለማለት ነው ፖዘቲቭ የምንለው። አብዛኛው ሰው እንዳንተ ነው።»

ጎንበስ ብሎ አየና ተነፈሰ። «ታዲያ ‹አለ› ብላችሁ ብትጽፉት ምን ነበረበት?» እውነቱን ነው።

እሱስ ደንግጦ ተመለሰ። እኔን የሚያሳስበኝ ተደስቶ የሚሄደው ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር «ኤ ነጌቲቭ» የሚለውን አይታ «ተመስገን!» ብላ ለባለቤቷ እየደወለች ልትወጣ ነበር። ሮጬ መለስኳት። ነጌቲቭ ማለት ዲ የላትም ማለት ነው፤ ባሏ ፖዘቲቭ ከሆነ ግን ልጁም ሊሆን ይችላል። በተለይ በወሊድ ጊዜ የልጁ ደም ወደ እሷ ሲገባ፣ ሰውነቷ እንደ ባዕድ ቆጥሮ ፀረ እንግዳ አካል ያመርትበታል። የመጀመሪያው ልጅ ብዙ ጊዜ በደህና ይወለዳል፤ ጣጣው የሚተርፈው ለታናሹ ነው። መከላከያው የአንቲ ዲ መርፌ ነው፤ በ28ኛው ሳምንት ገደማ፣ ልጁ ፖዘቲቭ ከሆነ ደግሞ ከወለደች በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል።

ስልኩን ሳትዘጋ «ስማ፣ ያንተ ደም ምንድን ነው?» አለችው። አያውቅም። «ይምጣና እንየው» አልኳት።

አሁን የነፍሰ ጡር ነጌቲቭ ውጤት በመስኮት አይሰጥም። ወረቀቱን ይዤ እስከ አዋላጇ ክፍል አብሬ እሄዳለሁ።