ማን ነው የከለከለው?

የተከለከለ ፍቅር ያለበት የወጣቶች ፋንታሲ ሳነብ መጀመሪያ የምጠይቀው ይሄንኑ ነው። ማን ከለከለው? ለምን? ብዙዎቹ ደራሲዎች እዚህ ጋ ይሰንፋሉ። ልጁ ከጠላት ወገን ነው ይሉናል፣ ጠላትነቱ ግን የት እንዳለ አይታይም። ዓይኑ ያምራል፣ በቃ!

በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የቶሚ አዴየሚ «ችልድረን ኦፍ ብለድ ኤንድ ቦን» ግን እንዲህ አያታልልም። ደራሲዋ ናይጄሪያዊ ዘር ያላት አሜሪካዊት ናት፤ የዮሩባን አማልክትና አፈ ታሪክ ይዛ ኦሪሻ የምትባል አገር ፈጥራለች። ዋናዋ ገጸ ባሕሪ ዜሊ ልጅ ሳለች የንጉሥ ሳራን ወታደሮች አስማተኞቹን ሲጨርሱ እናቷንም ገደሉባት። ኢናን ደግሞ የዚሁ ንጉሥ ልጅ፣ ያውም አልጋ ወራሹ ነው። ይህን ሰው ውደጂ ብትባል እንዴት እሺ ትላለች?

እኔን የያዘኝ የኢናን ፀጉር ነው። ሲያሳድዳት ሳለ እሱ ራሱ አስማት እንዳለው ይታወቀዋል፣ ፀጉሩ ላይም የአስማተኞች ምልክት የሆነው ነጭ ዘለላ ብቅ ይላል፤ እሱም ያችን ዘለላ ሰው እንዳያይበት መድረሻ ሲያጣ፣ ዜሊን የሚጠላት ራሱን ስለሚፈራ መሆኑ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ቅር ያለኝ ነገር ፍጥነቱ ነው። መንደሯ በእሱ ዘመቻ ተቃጥሎ፣ ጭሱ ገና ሳይጠፋ መሳሳም? ኧረ ቀስ!

መጨረሻውን አልነግራችሁም። ኢናን ላይ ግን እስካሁን እንደተናደድኩ ነኝ።