ክት እና ክተት

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለ130ኛው የአድዋ ድል በዓል በሰላም አደረሳችሁ፣ አደረሰን!

ይህን የምጽፍላችሁ ኩታዬን ተኩሼ ወንበር ላይ ከዘረጋሁ በኋላ ነው። ለነገ ነው።

እኛ ቤት ልብስ ሁለት ዓይነት ነበር፤ የአዘቦትና የክት። የክቱ ሳጥን ውስጥ ከአሪቲ ጋር ታጥፎ ይቀመጣል። በዓል፣ ሠርግ ወይም ትልቅ ጉዳይ ካልመጣ አይነካም። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስጠራ አባቴ ያንን ሳጥን ከፍቶ የክት ኮቱን አወጣልኝ። እጅጌው ረዘም ስላለብኝ እናቴ ማታውኑ አጥፋ ሰፋችው። «ሰዎቹ ኮት አይቀጥሩም እኮ» ብዬ ተከራከርኩ። አባቴም «ለሰዎቹ አይደለም የምትለብሰው፤ ለጉዳይህ ነው» አለኝ።

ያን ሥራ አላገኘሁም። ግን ቀጥ ብዬ ነበር የተቀመጥኩት፤ ድምፄም አልተንቀጠቀጠም። ዛሬም ትልቅ ጉዳይ ሲኖረኝ ማታ ልብሴን ሳላዘጋጅ አልተኛም።

«ክት» ከ«ከተተ» የመጣ ቃል ነው። «ክተት»ም ከዚያው ነው። አፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ባስነገሩት አዋጅ የሸዋን ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ላይ «ከተህ ላግኝህ» ብለው ነበር። የጠቡ መነሻ የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ እንደሆነ ሁላችንም ተምረናል። በአማርኛው ንጉሡ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በጣሊያን በኩል መላላክ ይችላሉ ይላል። የጣሊያንኛው ግን ግዴታ አድርጎታል።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ የተጠራው ሰው ለብሶት የወጣው ነገር ነው። አብዛኛው ባዶ እግሩን ነው የዘመተው። ያም ሆኖ ነጭ ሸማውን ለብሷል። መኳንንቱ በወርቅ የተጠለፈ ለምድ ደርበዋል። ጀግናው የአንበሳ ጎፈሩን ደፍቷል። ጎፈር ደግሞ እንዲሁ የሚደፋ ጌጥ አይደለም፤ በጀብዱ የሚገኝ ነው። (ነገ ለበዓሉ የምትደፉት ልጆች፣ በጣም ያምርባችኋል፤ ይህን ግን እወቁልኝ።) የዛሬ ወታደር የሚለብሰው እንዳይታይ ነው። እነሱ የለበሱት እንዲታዩ ነው። ሳጥን ውስጥ የሚቀመጠውን ክታቸውን ለብሰው መድፍ ፊት ቆሙ።

የካቲት 23 ቀን 1888 እሑድ ነበር፤ የጊዮርጊስ ዕለት። የጣሊያኑ ጄኔራል ባራቲዬሪ 17 ሺህ ያህል ጦር በአራት ብርጌድ ከፍሎ ሌሊቱን አስጉዞ ነበር። ብርጌዶቹ በማያውቁት ተራራ መሃል ተለያዩ። ቀኑ ሳይመሽ ጦሩ ተፈታ። ከብርጌዶቹ አዛዦች አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ ሞቱ፤ አልበርቶኔ ተማረከ። በጥቅምት 1889 አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው ውል የውጫሌው ተሻረ፤ ጣሊያንም የኢትዮጵያን ነፃነት አወቀች።

እናቴ ታሪኩን እንዲህ በቀን በቀን አትነግረኝም ነበር። በነጠላዋ ነው ያስተማረችኝ። የካቲት 12 ቀን፣ በ1929 ጣሊያን አዲስ አበባ ላይ የጨፈጨፋቸው ሲታሰቡ፣ ጥለቱን ለቅሶ እንደሚደረገው ወደ ላይ፣ ወደ ፊቷ ታደርገዋለች። በ11ኛው ቀን፣ የካቲት 23 ሲነጋ፣ ያንኑ ነጠላ ገልብጣ ጥለቱን ወደ ታች ትለቀዋለች። አንድም ቃል አትናገርም። እኔ ግን ልጅ ሆኜ የቱ ቀን ኀዘን፣ የቱ ቀን ድል እንደሆነ ከጥለቱ አውቅ ነበር።

ስለዚህ እባካችሁ ነገ የክታችሁን አውጡ። አዲስ መግዛት አይደለም የምለው። ያለውን እጠቡት፣ ተኩሱት፣ የላላውን ቁልፍ አጥብቁት። ልጆቻችሁ ለምን እንደሆነ ይጠይቋችኋል። ያኔ ቁጭ ብላችሁ ንገሯቸው።

እኔ ጠዋት ምኒልክ አደባባይ፣ ጊዮርጊስ በኩል እገኛለሁ። ነጭ ኩታ፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ጥለት። ካያችሁኝ ጥሩኝ።

መልካም የድል በዓል!