ቡሬቱን የያዘው ማን ነው?

ደብረ ብርሃንም ሆነ እነዋሪ፣ መሐል ሜዳም ሆነ አረርቲ፣ ተማሪዎች በቡድን ሙከራ የሚሠሩበት ክፍል ገብታችሁ አሥር ደቂቃ ቁሙ። ዕቃውን የሚነካው፣ የሚጽፈውና የሚያጥበው ማን እንደሆነ ወረቀት ላይ ምልክት አድርጉ። ብዙ ጊዜ ቡሬቱ (ፈሳሽ በጠብታ እየለካ የሚያወርደው ባለ መክፈቻ ረጅም ቱቦ) ወንዱ እጅ ላይ ነው፣ ደብተሩ ሴቷ ጋ። ምክንያቱ ሲጠየቅ «ጽሕፈቷ ያምራል» ይባላል። ሙከራው ሲያልቅ፣ በዚያ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ፣ ብርጭቆውን የምታጥበውም እሷ ናት። ክፉ ያሰበ ሰው የለም። ልጅቷ ግን ትምህርቱ አመለጣት።

ቲትሬሽን፣ ማለትም ከቡሬት ፈሳሽ እያንጠባጠቡ የአሲድን መጠን መለካት፣ በማየት አይለመድም። ቀለም ጠቋሚው ፌኖልፍታሊን የተጨመረበት አሲድ ላይ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የተባለው ቤዝ ሲንጠባጠብ ሮዝ ቀለም ብልጭ ብሎ ወዲያው ይጠፋል። እየቆየ ሲሄድ መጥፋቱ ይዘገያል። ያኔ መክፈቻውን ወደ አንድ አንድ ጠብታ፣ መጨረሻ ላይ ወደ ግማሽ ጠብታ መቀነስ ያስፈልጋል። ፈዘዝ ያለ ሮዝ ሆኖ 30 ሰከንድ ከቆየ በቃ። ከደመቀ አልፏል፣ ንባቡም (ከቡሬቱ ላይ የሚነበበው ቁጥር) አይረባም። መቼ መዝጋት እንዳለበት የሚያውቀው ጣት ነው፤ ጣት ደግሞ የሚያውቀው ሲሠራ ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ቁጥር ስትመዘግብ የኖረች ልጅ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ «ላብ ላይ ደካማ ናት» ትባላለች፤ ቀጥሎም «በድጋፍ ነጥብ ነው የገባችው» ይከተላል። ለሴቶች የሚሰጠው የመግቢያ ነጥብ ድጋፍ በሩን ይከፍታል እንጂ እጇን አያሠለጥንም።

መፍትሔው ምክር ሳይሆን አሠራር ነው። አምስት ተማሪ ላለው ቡድን አምስት ካርድ አዘጋጁ፦ ፒፔት (አሲዱን ለክቶ መቅጃ ቱቦ)፣ ቡሬት፣ ንባብ፣ መዝገብ፣ እጥበት። ካርዱ በዕጣ ይታደል፤ ከእያንዳንዱ ቲትሬሽን በኋላ ወደ ቀኝ ይተላለፍ። አምስት ዙር ሲያልቅ ሁሉም ሁሉንም ሠርቷል። «ኬሚካል አይበቃም» የሚለው ክርክር በስሌት ይፈታል። 25 ሚሊ ሊትር አሲድ ሦስት ጊዜ ከመሥራት 10 ሚሊ ሊትር አምስት ጊዜ መሥራት ይሻላል፤ አሲዱና ቤዙ እኩል ጥንካሬ (0.1 ሞላር) ካላቸው የሚፈጀው ቤዝ ከ75 ወደ 50 ሚሊ ሊትር ገደማ ይወርዳል። የሚከፈል ዋጋ ግን አለ፦ የ0.1 ሚሊ ሊትር ስሕተት በ25 ላይ 0.4 በመቶ ሲሆን በ10 ላይ 1 በመቶ ይሆናል። ለመማሪያ ይህ ይበቃል። ጊዜውን በተመለከተ አንድ ክፍለ ጊዜ ስለማይበቃ ሁለቱን አያይዙ፤ ከምሳ በፊት ቢሆን ደግሞ ይመረጣል፤ ሰዓት ሲገፋ ሳይመሽ ገጠር ለመድረስ ወይም ተከራይታ የምትኖርበት ቤት ገብታ እራት ለመሥራት መጀመሪያ የምትወጣው ሴቷ ናትና።

ካርዱ ራሱ የሚበላሽበት መንገድ አለ። ዋናው «ቆይ ልርዳሽ» ነው። የቡሬት ካርድ የያዘችው ልጅ መክፈቻውን ስትጨብጥ ከጎን እጅ ይመጣል፣ ካርዱም ስም ብቻ ይሆናል። ሕጉ አጭር ይሁን፦ ካርዱን ያልያዘ እጁን ጠረጴዛ ላይ ያኑር። ቀለሙ ደምቆ ካለፈባት ንባቡ «አለፈ» ተብሎ ይመዝገብ፣ እሷም ደግማ ትሞክር። ሌላው ችግር አመዳደቡ ነው። ለፍትሕ ተብሎ ሴቶቹ በየቡድኑ አንድ አንድ ሲበተኑ እያንዳንዷ ከአራት ወንድ ጋር ትቀራለች፣ ዝምታም ይበዛል። ሁለትና ከዚያ በላይ ሆነው ቢመደቡ ይሻላል። የመምህሩ ዓይንም መታየት አለበት፤ ጥያቄ ሲጠየቅ ዓይኑ ቀድሞ የሚሄደው ወዴት ነው?

የእነ ዶክተር ሰገነት ቀለሙን ፎቶ ግድግዳ ላይ መለጠፍ መልካም ነው። ከፍኖተ ሰላም ተነሥታ ናይሮቢ ያለውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል የመራች፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የሎሬያል–ዩኔስኮን ሽልማት ያገኘች ሳይንቲስት ናት። ፎቶው ግን መክፈቻውን አያስጨብጥም።

ከትምህርት ቤት በኋላ አድልዎው ወረቀት ውስጥ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት 127 የአሜሪካ የሳይንስ መምህራን ለቤተ ሙከራ ኃላፊነት የቀረበ አንድ ዓይነት ማመልከቻ ተሰጣቸው፤ ለገሚሶቹ «ጆን»፣ ለገሚሶቹ «ጄኒፈር» በሚል ስም። ለጆን በአማካይ 30,238 ዶላር፣ ለጄኒፈር 26,508 ዶላር የዓመት ደመወዝ ገመቱ። ሴት መምህራኑም እንደ ወንዶቹ ነው የመዘኑት። ስለዚህ ኮሚቴ ውስጥ ሴት መጨመር ብቻውን አይበቃም። መስፈርቱና የእያንዳንዱ መስፈርት ነጥብ፣ ማመልከቻ ከመከፈቱ በፊት፣ ተጽፎ ይፈረምበት፤ ስም በቁጥር ይተካ። ፈተና ሲታረምም እንዲሁ፦ ስሙ ተሸፍኖ፣ የሁሉም ተማሪ አንደኛ ጥያቄ ታርሞ ካለቀ በኋላ ወደ ሁለተኛው።

የድጋፍ ደብዳቤ ስትጽፉ አንድ ነገር ፈትሹ። ስለ ወንዱ «ጥልቅ አሳቢ፣ ችግር ፈቺ» ብላችሁ ስለ ሴቷ «ጨዋ፣ ታዛዥ፣ ታታሪ» ብላችሁ ከሆነ ሠርዙትና የሠራችውን ጻፉ፦ የትኛውን መሣሪያ ካሊብሬት አደረገች (ልኬቱን አስተካከለች)፣ የትኛውን ዳታ ተነተነች፣ የትኛውን ስሕተት አገኘች። ጨዋነት የምርምር ሥራ አያስቀጥርም።

የመስክ ሥራ ላይ የሚያስቀራት ደግሞ ደግነት ነው። ከ3,200 ሜትር በላይ ያለው የመንዝ ጓሳ ላይ ጭላዳ ወይም ቀይ ቀበሮ ለማጥናት ሲወጣ «ብርዱ አይቻልም፣ እሷ እዚህ ሆና ዳታውን ትመዝግብ» ይባላል። መስክ ወጥቶ ዳታ የሰበሰበው ሰው የጽሑፉ የመጀመሪያ ደራሲ ሲሆን እሷ ምስጋና ላይ ትቀራለች። በጀቱ ሲሠራ የተለየ ድንኳን፣ መጸዳጃ፣ የንጽሕና መጠበቂያና የሁለተኛ ሴት ውሎ አበል ተይዞ ከሆነ መውጣት አለመውጣቷን ራሷ ትወስናለች። የደረጃ ዕድገት ሲታይም የ120 ቀኑ የወሊድ ፈቃድ ጽሑፎቿ ከሚመዘኑበት ጊዜ ላይ ይቀነስ፤ በዚያ ጊዜ ያልጻፈችው ጽሑፍ እንደ ስንፍና ሊቆጠርባት አይገባም።