ሦስት ካላንደር
ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ሦስት ካላንደር ተሰቅሏል። አንዱ የእኛው፣ አንዱ የፈረንጆቹ፣ አንዱ የሂጅራ። ወሎ ውስጥ አስተዳደር ሆኖ ሦስቱንም የማያይ ሰው፣ በጾም ቀን የምሳ ግብዣ ያዘጋጃል፤ ወይ በዓረፋ ዋዜማ ስብሰባ ይጠራል። እኔ ግን እንዲህ ያለ ስህተት አይገኝብኝም ባይ ነበርኩ።

ደሴ ላይ፣ አንድ የመጠጥ ውሃ ፕሮጀክት ውስጥ ነው። ሥራችን ደላንታ በኩል ምንጭ ማጎልበት ነበር። ከጀርመን የመጣች አንዲት መሐንዲስ አብራን ትሠራለች። አማርኛዋ ለገበያ በቂ ነው። ሰኞ ገበያ ወርዳ "ኧረ ትንሽ ይቀንሱልኝ" ብላ ድንች ትገዛለች። የዚያን ዓመት ርክክቡ ጥር ላይ ስለዋለ አገሯ መሄድ አልቻለችም። ገናን ከቤተሰቧ ተለይታ ስታሳልፍ የመጀመሪያዋ ነው። ይህንንም የሰማሁት ከእሷ ሳይሆን ከሒሳብ ክፍሏ ልጅ ነው።

"እኛ እያለንማ አይሆንም!" አልኩ። ካላንደሬን አየሁ። የፈረንጅ ገና፣ ዲሴምበር 25፣ በእኛ ታኅሣሥ 16። በቀይ እስክሪብቶ ከበብኩት።

ችግሩ እዚያው ብቅ አለ። ታኅሣሥ 16 የነቢያት ጾም መሃል ላይ ነው። ኅዳር 15 የገባ ጾም በእኛ ገና ነው የሚፈታው። ከቢሯችን ግማሹ ሥጋ አይነካም። ለፈረንጅ ገና ሽሮ እናቅርብ? በዚህ ጉዳይ ከአንድ ሰዓት በላይ ተሰበሰብን። ለምንጩ ዲዛይን እንኳን እንዲህ አልተከራከርንም።

የገላገለን ሾፌራችን ነው። በዕድሜ ስለሚበልጡን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው።

"አብሽሩ" አሉ። "በጉን እኔ አርዳለሁ። እኛ ሙስሊሞቹ ከሷ ጋር ሥጋውን እንበላለን፣ እናንተ ምስራችሁን ብሉ። ምን ያስጨንቃል?"

እውነታቸውን ነው። ወሎ ሰርግ ላይ የክርስቲያኑ ለብቻ፣ የሙስሊሙ ለብቻ ይሠራና ሰዉ አንድ ዳስ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይበላል። የዚህኛው ልዩነት አንድ ነው። ልጅቷ በገዛ ገናዋ ከሙስሊሞቹ ገበታ ተመደበች። በዚህ ቀኑን ሙሉ ስንስቅ ዋልን።

ዋዜማው ደረሰ። ነገሩ ሰርፕራይዝ ስለሆነ ሁሉም አፉን እንዲይዝ አስጠንቅቄያለሁ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መሐንዲሷ በሬ ላይ ቆመች።

"ዛሬ ትንሽ ቀደም ብዬ ብወጣ ይቻላል?"

"ሪፖርቱን ጨርሺልኝ እንጂ" አልኳት። "ነገ ትዝናኛለሽ።" ጠቀስኳት ደግሞ። ተንኮለኛ መስዬ ለመታየት መሆኑ ነው።

ትንሽ አየችኝና "እሺ" አለች። ከቢሮ የወጣችው አሥራ ሁለት ሰዓት አልፎ ነው። መብራቷ ሲጠፋ ከመኪናዬ ሆኜ አይቻለሁ። ጎበዝ ሠራተኛ ብዬ አመሰገንኳት፣ በልቤ።

በማግስቱ ምሳ ላይ ግቢው አምሮበታል። ቄጤማ ተጎዝጉዟል። የጥድ ቅርንጫፍ ባልዲ ውስጥ ተተክሎ ጥጥ ተለጥፎበታል፣ በረዶ መሆኑ ነው። ቡናው ይቆላል። የጋሼ ጥብስ ጠረኑ መንገድ ድረስ ይሸታል። ስትገባ አጨበጨብን። አየችንና አለቀሰች። እኛም ደስ ብሏት ነው ብለን የበለጠ አጨበጨብን።

ከጀርባዬ ዘበኛችን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "በዓሏ እኮ ትናንት ማታ ነበር" አሉኝ።

ለካ ጀርመኖች ዘንድ የበዓሉ ልብ የ24 ማታ ነው። ቤተሰብ የሚሰበሰበው፣ ዛፉ የሚበራው፣ ስጦታው የሚከፈተው ያን ምሽት ነው። 25 እና 26ም ሥራ ዝግ ነው፤ ትልልቁ ምግብም ያኔ ይበላል። ምሽቱ ግን ሌላ ነው። እራቱ እንኳ ብዙ ቤት ውስጥ ተራ ነገር ነው፣ የድንች ሰላጣና ቋሊማ።

ያን ማታ ደሴ መብራት ጠፍቷል። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይሰብራል። እሷ ድንቿን ቀቅላ፣ ጧፍ ለኩሳ፣ ብቻዋን በአገሯ ቋንቋ ትዘምራለች። የተከራየችው ቤት ከቢሮው ጋር በአንድ ግቢ ስለሆነ ዘበኛው ድምፅዋን ሰሙ። በሩን አንኳኩ።

"ልጄ፣ ዛሬ ምንድን ነው?"

ነገረቻቸው። ሽማግሌው ተመልሰው ሄዱና ሲሞቁት የነበረውን ምድጃ ከነፍሙ አንስተው አመጡላት። እሷ ደግሞ ሌላ ሳህን አወጣች። ጾመኛ መሆናቸውን ታውቃለች። እንቁላል ያልነካው ድንች ላይ ዘይትና ኮምጣጤ ብቻ ጠብ አድርጋ አቀረበችላቸው። "ጠርሙሱን ሳይቀር አሳየችኝ እኮ" አሉኝ ሲነግሩኝ። ከዚያ እሳቸው በወጣትነታቸው ለገና ላሊበላ በእግራቸው የሄዱትን አጫወቷት። በገና ጠዋት ቤተ ማርያም ዙሪያ ካህናቱ እላይ አለቱ ጠርዝና ታች ግቢው ውስጥ ሆነው ቤዛ ኩሉን እየተቀባበሉ ሲያሸበሽቡ ያዩትን። እኩለ ሌሊት ድረስ አመሹ።

ይቅርታ ጠየቅኋት። "በጉ ጣፋጭ ነበር" አለችኝ፣ ሌላ አልጨመረችም። በእኛ ገና መኪና መደብኩላትና ሁለቱም ላሊበላ ሄዱ። ሽማግሌው ጋቢና ተቀመጡ አሉ። አለቃ ነው የሚመስሉት።

ለቀጣዩ ዓመት የፈቃድ መጠየቂያ ቅጹ ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ። "በዓልዎ ከስንት ሰዓት ይጀምራል?" ብዙ ሰው ሳቀብኝ። የሒሳብ ክፍሏ ልጅ "ዶሮው ከተገነጠለበት ሰዓት" ብላ ሞላች።

ጋሼም ሞልተው አመጡ። በዚያ ዘንበል ባለ የእጅ ጽሑፋቸው እንዲህ ይላል፦ "መውሊድ። ከዋዜማው ማታ። ጀማ ንጉሥ።"

ጀማ ንጉሥ ወሎ ውስጥ መውሊድ በድምቀት የሚከበርበት ስፍራ ነው። እኔ መውሊድ በካላንደሬ ላይ ቀይ የሆነው ቀን ብቻ ይመስለኝ ነበር። መንዙማው ሌሊቱን ሙሉ እንደሚያድር እያወቅሁ።

የድሮ የጉዞ ትዕዛዞችን ፋይል አወጣሁ። ከስድስት ዓመት ውስጥ በአራቱ፣ ጋሼ በመውሊድ ዋዜማ መስክ ላይ ናቸው። ከታች ያለው ፊርማ የእኔ ነው።