የሚመረጠው ዘፋኙ ሳይሆን ሦስቱ ደቂቃ ነው

ዩሮቪዥን የሚባለው ዓመታዊ የአውሮፓ የዘፈን ውድድር ፍጻሜ ግንቦት ላይ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 4 ሰዓት ይጀምርና እስከ ሌሊቱ 8 ገደማ ይዘልቃል። ባሕር ዳር ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው «እኛስ ለምን አንገባም?» ማለቱ አይቀርም። ውድድሩ የአውሮፓ ብሮድካስቲንግ ኅብረት አባል ጣቢያዎች ነው፤ ክልሉም በመሠረቱ በምሥራቅ እስከ 40 ዲግሪ፣ በደቡብ እስከ 30 ዲግሪ ሰሜን ነው። ባሕር ዳር በምሥራቅ በኩል 37 ላይ ስለሆነች ታልፋለች፤ በደቡብ በኩል ግን 11 ዲግሪ ተኩል ላይ ናትና ወደቀች። (ከአፍሪካ እስካሁን የዘፈነችው ሞሮኮ ብቻ ናት፤ እሷም በ1980 አንዴ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው።)

ቢሆንም አገሮቹ ዘፈን የሚመርጡበት መንገድ እዚህ ለትምህርት ቤትም ሆነ ለከተማ ውድድር አንድ ዘፈን ለሚልክ ሰው ይጠቅማል። ስዊድን ለሳምንታት ከከተማ ከተማ እየዞረች ታጣራለች። ጣሊያን ከ1951 ጀምሮ ያለውን የሳንሬሞ ፌስቲቫል ትጠቀማለች፤ አሸናፊው ካልፈለገ ሌላ ይላካል፣ በ2025 እንደሆነው። ኔዘርላንድ በ2019 ያሸነፈችው ግን ሕዝብ ሳታስመርጥ፣ ጣቢያው ራሱ በመረጠው ዘፈን ነው። እስራኤል ለ2020 መጀመሪያ ዘፋኟን መረጠች፤ ከኢትዮጵያውያን ቤተሰብ የተወለደችውን ኤደን አለነን። ከዚያ አማርኛ ያለበት ዘፈን ተመረጠላት፤ ውድድሩ በኮሮና ቀረ። ዘፈኑ ከውድድሩ በፊት ካለው መስከረም 1 (በእኛ ነሐሴ 26) በፊት መውጣት የለበትም የሚል ደንብ ስላለ ለ2021 አዲስ ዘፈን ተመርጦ 17ኛ ወጣች።

ከሁሉ በላይ አስቸጋሪው ግን ዘፈኑ ከሦስት ደቂቃ አይብለጥ የሚለው ደንብ ነው። የእኛ ዘፈን አምስት ስድስት ደቂቃ መሄዱ የተለመደ ነው፤ ገና መግቢያው ግማሽ ደቂቃ ይበላል። ፍጥነቱ በደቂቃ 120 ምት፣ አንዱ ባር አራት ምት ከሆነ፣ ባሩ ሁለት ሴኮንድ ነው፤ ጠቅላላው 90 ባር። መግቢያ 4፣ የመጀመሪያው ግጥም 16 ብንል አዝማቹ 40ኛው ሴኮንድ ላይ ይገባል፤ ከዚያ በላይ ማዘግየት አያዋጣም። ብዙ ጊዜ የሚሠራው ስሕተት የስድስት ደቂቃውን ዘፈን መጨረሻውን በፌድ (ድምፁን ቀስ በቀስ እያጠፉ) መቁረጥ ነው፤ መድረክ ላይ ዘፋኙ አፉን ከፍቶ ይቀራል። የሚቆረጠው ከመሐል፣ ከተደጋገመው አዝማች ነው፤ መጨረሻው ደግሞ በአንድ ምት ይዘጋል። በ2021 ያሸነፉት ጣሊያኖችም የሳንሬሞ ዘፈናቸውን አሳጥረው፣ ስድቡንም አውጥተው ነው የሄዱት።

ሁለተኛው የመሣሪያው ጉዳይ ነው። ዩሮቪዥን ላይ ከ1999 ጀምሮ ኦርኬስትራ የለም፤ ሙዚቃው ፕሌይባክ፣ ማለትም ቀድሞ የተቀረጸ ነው፣ ዋናው ድምፅ ግን በቀጥታ ይዘፈናል፣ መድረክ ላይ ከስድስት ሰው በላይ አይወጣም። በዚያ ደንብ ማሲንቆው ቢታይም አይሰማም፤ አዝማሪ እዚያው ግጥም ልፍጠር ቢልም አይችልም፣ ግጥሙ ቀድሞ ተመዝግቧል። እዚህ ጣና ዳር ግን ማሲንቆን በቀጥታ ከፕሌይባክ ጋር ማጫወት የሚወድ ብዙ ነው፤ ችግሩም ከዚያ ይመጣል። ምሽት ላይ እርጥበቱ ሲጨምር ቆዳው ይላላል፣ ድምፁ ይደፈናል፣ ቅኝቱም ይወርዳል። ፕሌይባኩ ደግሞ ለማንም ብሎ አይወርድም። ስለዚህ ማሲንቆው ከሰዓት በኋላ ተቃኝቶ ሣጥን ውስጥ አይቀመጥም። ከመውጣቱ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መድረኩ አጠገብ አየሩን ይልመድ፤ ቆዳው ከላላ ከከሰሉ ራቅ አድርጎ ማሞቅ፣ የደጋኑን ጭራ ዕጣን ማስነካት፣ ከዚያ ከፕሌይባኩ የመጀመሪያ ኖታ ጋር መቃኘት። የሐይቁ ነፋስ ለሚመታው ማይክ ደግሞ ስፖንጅ ያስፈልጋል።

ከዳኞች ጠብ የሚያመጣው ሒሳቡ ነው። ሦስት ዳኞች ለሦስት ዘፈኖች፣ ለሀ፣ ለለ እና ለሐ፣ ከመቶ ይሰጣሉ እንበል። አንደኛው ለሀ 92፣ ለለ 90፣ ለሐ 88። ሁለተኛው 91፣ 90፣ 86። ሦስተኛው ግን 60፣ 70፣ 85። ሲደመር ሀ 243፣ ለ 250፣ ሐ 259፤ ሁለት ዳኞች መጨረሻ ያደረጉት ዘፈን አሸነፈ፣ አንዱ ዳኛ ብቻውን ወሰነ ማለት ነው። ዩሮቪዥን ላይ ደረጃ ወደ 12፣ 10፣ 8፣ 7 እያለ እስከ 1 ይለወጣል። በዚያ ብናሰላ ሀ 32፣ ለ 30፣ ሐ 28 ይሆናል። ከመቶ የሚሰጥ ዳኛ ካለ ቁጥሩን ትታችሁ ደረጃውን ብቻ ውሰዱ።

የሕዝቡ ድምፅም እንዲሁ ነው። ዩሮቪዥን ላይ አገር ለራሱ አይመርጥም፤ ትልቁም ትንሹም አገር እኩል ነጥብ ይሰጣል። የባሕር ዳር፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር ልጆች ተወዳድረው ኤስኤምኤሱ አንድ ላይ ከተደመረ ሰው የበዛበት ከተማ ይወስደዋል። በከተማ ለይቶ መቁጠርና ለራስ ከተማ መምረጥን መከልከል ይሻላል። መልእክቱም መከፈት ያለበት የመጨረሻው ዘፋኝ ከጨረሰ በኋላ፣ ሁሉም ዘፈኖች ተቀንጭበው እንደገና ከታዩ ወዲህ ነው፤ አለዚያ መጀመሪያ የወጣው ተረስቶ ይቀራል።

እኩል ነጥብ ቢመጣስ? እዚያ የሕዝብ ነጥብ የበለጠው ያልፋል። እናንተም የመረጣችሁትን ደንብ ከልምምዱ በፊት ጽፋችሁ አስፈርሙ፤ ውጤቱ ከተነበበ በኋላ የሚወጣን ደንብ የሚቀበል ተሸናፊ የለም።