የአንድ ሾጣጣ ነበልባል ልኬት፦ አዲስ አበባ ላይ የንድደት ፍጥነትን ስንለካ የተማርነው

ንድደትና የፍሰት ሳይንስ ምርምር ውስጥ መግባት የሚፈልግ ጀማሪ መሐንዲስ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚከፍተው ኮምፒውተሩን ነው። የሲሙሌሽን ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል፤ በቀለም ያሸበረቀ ሥዕልም በአንድ ቀን ይወጣል። ሥዕሉ ከእውነተኛው እሳት ጋር ይስማማ እንደሆነ ግን ሶፍትዌሩ ራሱ አይነግርም። ስለዚህ በእጅ የሚለካ አንድ ነበልባል መያዝ ያስፈልጋል። ለዚህ ከቡንሰን በርነር የተሻለ መነሻ የለም፤ ሮበርት ቡንሰን ሃይድልበርግ ላይ እ.ኤ.አ. በ1855 ሥራ ላይ ያዋለው ቀላል ቱቦ ዛሬም ያስተምራል። ከዚህ በታች ያለው እስካሁን የተሄደበት መንገድ ነው፤ የሚሳሳተውም ከነምክንያቱ ተጽፏል።

የሚለካው የላሚናር (ሁከት በሌለበት ለስላሳ ፍሰት የሚሆን) ንድደት ፍጥነት ነው፤ ነበልባሉ ገና ወዳልነደደው ድብልቅ የሚገሰግስበት ፍጥነት ማለት ነው። በርነሩ አፍ ላይ ያለው ሰማያዊ ሾጣጣ የቆመ ይመስላል። ነበልባሉ ወደ ታች ሊወርድ ይገፋል፣ ድብልቁ ደግሞ በዚያው ልክ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ሁለቱ ሲመጣጠኑ ባለበት ይረጋል። እ.ኤ.አ. በ1879 ፈረንሳዊው ጉዊ ያቀረበው ዘዴ በዚህ ላይ የቆመ ነው፦ በሰከንድ የሚያልፈውን የድብልቅ መጠን ለሾጣጣው የገጽታ ስፋት ማካፈል።

ቱቦው ውስጡ 10 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 50 ሴንቲ ሜትር ነው። የርዝመቱ ምክንያት እንዲህ ነው። አማካይ የፍሰት ፍጥነቱ በሰከንድ 150 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ በአዲስ አበባ አየር የሬይኖልድስ ቁጥሩ (ፍሰቱ ለስላሳ ይሁን ሁከት ያለበት የሚለይ ቁጥር) 750 ገደማ ይመጣል፤ ሁከት ከሚጀምርበት ከ2300 በጣም ያነሰ ነው። ፍሰቱ ቅርጹን ይዞ እስኪረጋ የሚፈልገው ርቀት ደግሞ 0.06 በሬይኖልድስ ቁጥሩና በቱቦው ስፋት ተባዝቶ 45 ሴንቲ ሜትር ነው። 20 ሴንቲ ሜትር ላይ የተቆረጠ ቱቦ የሚሰጠው ሾጣጣ በየፍሰቱ ቅርጹን ይለዋውጣል፤ ምክንያቱን ሳያውቁ ካሜራውን መውቀስ ይመጣል። ከቱቦው ሥር የ3 ሚሊ ሜትር የብርጭቆ ዶቃ የሞላ የመደባለቂያ ዕቃ ይገባል። አየሩ የሚመጣው ከኮምፕሬሰር ከሆነ ውሃውን ማፍሰስና እርጥበት በሚመጥ ሲሊካ ጄል ማሳለፍ ግድ ነው፤ የኮምፕሬሰሩ ምት ከደረሰበት የሾጣጣው ጫፍ ይርገበገባልና በመሐል ትልቅ ታንክና ጠበቅ ያለ ቫልቭ ያስፈልጋል።

አሁን ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ ላይ ደረስን፤ ከፍታው። ከተማው 2,355 ሜትር ላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። የስልክ የአየር ሁኔታ መተግበሪያ ግን ከ1,000 ሄክቶ ፓስካል በላይ ያሳያል፤ ወደ ባሕር ወለል ተመልሶ የተሰላ ቁጥር ስለሆነ ነው። ያንን ቁጥር ስሌት ውስጥ ያስገባ ከመነሻው ተሳስቷል። የሚያስፈልገው ቤተ ሙከራው ውስጥ በባሮሜትር የተነበበ ግፊት ብቻ ነው።

ሮታሜትር (በቆመ ቱቦ ውስጥ ከፍ ዝቅ በሚል ተንሳፋፊ የጋዝ ፍሰትን የሚያሳይ መለኪያ) በባሕር ወለል ግፊት ተስተካክሎ የተሠራ ስለሆነ፣ ቀለል ያለ አየር ሲያልፍበት ያነሰ ያነባል። ንባቡን በ1.15 ማባዛት ያስፈልጋል፤ ይህም የ101.3 እና የ76 ምጥጥን ስኩዌር ሩት ነው። ማለትም 6 ሊትር በደቂቃ የሚያሳየው ሮታሜትር የሚያሳልፈው 6.9 ገደማ ነው። አደገኛው ነገር ይህ ስህተት አለመታየቱ ነው፦ የአየሩም የጋዙም ሮታሜትር በአንድ ዓይነት ግፊት ስለሚሠሩ ሁለቱም በእኩል ይሳሳታሉ፣ የድብልቁ ምጣኔ ልክ ሆኖ ይታያል፣ የንድደት ፍጥነቱ ግን 13 በመቶ ይጎድላል። ለአየር የተሠራ ሮታሜትር ፕሮፔን ሲያልፍበት ደግሞ ንባቡ በ0.81 ይባዛል፤ ፕሮፔን ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ስለሚከብድ ነው። በዲጂታል የፍሰት መቆጣጠሪያ የሚሠሩ ሰዎች ችግራቸው ሌላ ነው። እሱ የሚያሳየው «መደበኛ ሊትር» ነው፤ መደበኛው 0 ዲግሪ ከሆነ አንዱ መደበኛ ሊትር እዚህ፣ 20 ዲግሪ ላይ፣ 1.43 ሊትር ይሆናል። አንዳንዱ አምራች 20 ወይም 25 ዲግሪን መደበኛ ስለሚያደርግ መመሪያውን ማንበብ ነው።

ጥቂት ጋዝ ለመለካት በጣም የሚታመነው በቢዩሬት (መስመር በተሰመረበት የብርጭቆ ቱቦ) ውስጥ ጋዙ ወደ ላይ የሚገፋው የሳሙና አረፋ ነው። ከላይ ለተጠቀሰው በሰከንድ 150 ሴንቲ ሜትር ፍሰት፣ ልክ ለተመጣጠነ ድብልቅ፣ አየር 6.8 ሊትር፣ ፕሮፔን 285 ሚሊ ሊትር በደቂቃ ያስፈልጋል፤ በ100 ሚሊ ሊትር ቢዩሬት ውስጥ ፕሮፔኑ የሚገፋው አረፋ ከታች እስከ ላይ በ21 ሰከንድ ይወጣል። አንድ ማረሚያ አለ፦ ጋዙ ከሳሙናው ውሃ ተን ይቀበላል፤ በ20 ዲግሪ የተኑ ግፊት 2.3 ኪሎ ፓስካል ስለሆነ እዚህ ከመጠኑ 3 በመቶው እንፋሎት ነው።

ሲሊንደሩም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ቡታ ጋዝ የምንለው የፕሮፔንና የቡቴን ቅልቅል ነው። አንድ እጅ ፕሮፔን በተሟላ ሁኔታ ለመንደድ 23.8 እጅ አየር ሲፈልግ ቡቴን 31 ይፈልጋል። ግማሽ በግማሽ የሆነን ጋዝ ንጹሕ ፕሮፔን ነው ብሎ 1 ለ23.8 የደባለቀ፣ ልክ የተመጣጠነ ሠራሁ ሲል በተግባር ጋዙ 15 በመቶ የበዛበት ድብልቅ ይዟል። ደግሞም ፕሮፔን በ42 ዲግሪ ከዜሮ በታች የሚፈላ ስለሆነ ቀድሞ ይወጣል፤ ሲሊንደሩ እያለቀ ሲሄድ የቀረው ቡቴን ይበዛበታል። የዛሬው ልኬት ከወር በፊቱ ጋር አልገጥም ቢል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። ማወቂያውም ቀላል ነው፦ የሁለቱም ጋዞች ከፍተኛ ፍጥነት የሚገኘው ጋዙ ከልኩ ከ5 እስከ 10 በመቶ ሲበዛ ነው። የእናንተ ኩርባ ጫፉን ጋዙ ባነሰበት በኩል ካሳየ፣ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ንጹሕ ፕሮፔን አይደለም።

ፎቶው ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። መብራት ጠፍቶ፣ ካሜራው ከበርነሩ አፍ ጋር እኩል ቁመት ላይ ይቆማል፤ ነበልባሉ ከመለኮሱ በፊት ቱቦው አፍ ላይ ማስመሪያ ይዞ አንድ ፎቶ ይነሣል፣ ከዚያ ካሜራው አይነካም። ሾጣጣው 17 ሚሊ ሜትር ገደማ ቁመት አለው፣ የገጽታው ስፋት 274 ካሬ ሚሊ ሜትር፤ ፍሰቱ በሰከንድ 118 ሴንቲ ሜትር ኩብ ስለሆነ ፍጥነቱ 43 ሴንቲ ሜትር በሰከንድ ይወጣል። አሁን ያንን ሰማያዊ ጠርዝ አጉልታችሁ እዩት። ከውጭ በኩል ያለው ጠርዝና ከውስጥ ያለው አንድ አይደሉም። የሚበራው ክፍል ከጋለው ወገን ስለሆነ ብርሃኑን ተከትሎ መስመር የሰመረ ሾጣጣውን አሳብጦታል። መስመሩ 0.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ውጭ ከሸሸ ስፋቱ 13 በመቶ አድጎ ፍጥነቱ ከ43 ወደ 38 ይወርዳል። ስለዚህ የውስጠኛው ጠርዝ ይመረጣል፤ ከዚያም የተሻለው ሽሊረን (የጋዙ ጥግግት በሚለወጥበት ቦታ ብርሃን ሲታጠፍ የሚያሳይ የፎቶ ዘዴ) ነው፦ አንድ ጎድጓዳ መስታወት፣ እንደ ነጥብ የጠበበ የብርሃን ምንጭና ጥሩ ምላጭ ይበቃዋል።

የሾጣጣውን ጫፍ ግማሽ ማዕዘን ለክቶ የንድደት ፍጥነቱን ከአማካይ የፍሰት ፍጥነት ማስላት ለረጅም ቱቦ አይሆንም። በመካከሉ ያለው ፍሰት የአማካዩ እጥፍ ስለሆነ ሾጣጣው ጎኑ ይጎብጣል። ያ ዘዴ ጎኑን ቀጥ የሚያደርግ ጠባብ አፍ ያለው ኖዝል ይፈልጋል።

ሙቀቱም ይጻፍ። በርነሩ ሲቆይ ቱቦው ይግላል፤ ድብልቁ በ10 ዲግሪ ሲሞቅ ፍጥነቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ይጨምራል። ቴርሞካፕል (የሙቀት መለኪያ ሽቦ) ከአፉ ዝቅ ብሎ ውስጥ መቀመጥ አለበት።

ስለ ጥንቃቄ፦ ሲጀመር አየር ቀድሞ ይከፈታል፣ ሲዘጋ ጋዝ ቀድሞ ይዘጋል፤ ቱቦው ውስጥ የሚነድ ድብልቅ እንዳይቀር ነው። ከመደባለቂያው በላይ ቀዳዳው ከ1 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ የብረት ወንፊት ይደረጋል፤ ሃምፍሪ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1815 ለማዕድን ቆፋሪዎች ፋኖስ የተጠቀመበት ሐሳብ ነው። ቡታ ጋዝ ወለል ላይ ስለሚተኛ ከላይ ያለ መስኮት ብቻውን አይበቃም፣ በሩም ከታች አየር ያሳልፍ።

ኮምፒውተሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ካንቴራ የንድደት ኬሚስትሪን የሚያሰላ፣ በፓይተን የሚሠራ ነፃ ሶፍትዌር ነው፤ ነፃ ነበልባል የሚባለው ሞዴሉ ለዚህ ይበቃል። ሦስት ነገር ይጠንቀቁ። ምሳሌው ፋይል ውስጥ የተጻፈው ግፊት አንድ አትሞስፌር ስለሆነ ወደ 76,000 ፓስካል ይቀየር፤ ግፊት ሲቀንስ ፍጥነቱ ይጨምራልና ለፕሮፔን ልዩነቱ ከ5 እስከ 9 በመቶ ነው። ጂአርአይ-ሜክ 3.0 የሚባለው፣ 53 የኬሚካል ዝርያና 325 ሪአክሽን የያዘው የኬሚስትሪ ፋይል ለሚቴን የተዘጋጀ ነው፣ ቡቴን ጭራሽ የለበትም፤ ለቡታ ጋዝ ዩኤስሲ-ሜክ ሁለት የሚባለው ሌላ ፋይል ይሻላል። ሦስተኛው፣ ስሌቱ የሚሠራባቸው ነጥቦች፣ ማለትም የመረቡ፣ ብዛት ነው። በሳሳ መረብ የተሰላ ፍጥነት ከልኩ በላይ ይወጣል፤ መረቡን እያጠበቁ ቁጥሩ መለወጥ እስኪያቆም መድገም ያስፈልጋል።

ቀጣዩ ሥራ ኖዝሉንና ሽሊረኑን መጨረስ ነው። ከዚያ የምንመኘው ነገር አንድ አለ፦ አዳማ ላይ ግፊቱ 82 ኪሎ ፓስካል ገደማ፣ ድሬዳዋ ደግሞ 88 ነው። ከዚህ እስከ ድሬዳዋ ለፕሮፔን የሚጠበቀው ልዩነት 4 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ እዚያ ያላችሁ ብትተባበሩ መለኪያው አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ያው ቱቦ፣ ያው ሲሊንደር፣ ያው ካሜራ ከከተማ ከተማ ይዘዋወር፤ የየዕለቱ ባሮሜትር ንባብና የድብልቁ ሙቀት ከየፎቶው ጎን ይጻፍ።